ድንኳን ለሚያስቀድሙልን የእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ፍቅሬ፣ የአፍንጮ በር ሰፈራችን የወንዶች እድር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የምጠይቅዎ ለወጉ ያህል ነው፤ በእድራችን ጤና የሚጠየቀው «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ እንዲታለፍ መሆኑን አላጣሁትም።

እኔ ሚናስ፣ አምና በክብር የቀበራችሁልኝ የዳኒኤል ታናሽ ወንድም ነኝ። አንደኛ፣ ስለ ድንኳኑ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ የወንድሜ እስትንፋስ ከመቆሙ ተተክሎ ነበር። የገደለው የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑን ብነግርዎም፣ በለቀስተኛው ፊት «ባደረበት ሕመም» ብለው በጨዋ ደንብ ስለሸፈኑልን ውለታዎ አለብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት የተተረተው ለሌላ ሰፈር ሰዎች መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ዶክተር ነሲባ የምትባል ሐኪም፣ ወንድሜ በዚህ በሽታ ስለሞተ እኔም በበሽታው የመያዝ ስጋቴ ከሌላው ሰው እንደሚበልጥ ነግራኛለች። ለዚሁ በሽታ የሚደረገው የደም ምርመራ አንዳንዴ የማይገድለውንም ካንሰር አግኝቶ ሰውን በከንቱ እንደሚያስጨንቅ አልደበቀችኝም፤ ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ የሚለውንም ለእኔ ትታዋለች። ብቻዬን መወሰን ስላቃተኝ፣ መጥታ ለሁላችንም ታስረዳን ዘንድ በጠቅላላ ጉባኤው ጠየቅሁ። እርስዎም ይህን የመሰለ ነገር በአባወራዎች ፊት እንደማይነሳ፣ ሰውን ለሽንት የሚያመላልሰውም የጊዮርጊስ አካባቢ ብርድ እንደሆነ አስረድተው፣ ጊዜ በማጠሩ ወደ አዲሱ ድንኳን ቀለም አሻገሩን። ቀለሙ ላይ እስኪመሽ ተወያየን። አረንጓዴው አሸነፈ።

እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ አቶ ፍቅሬ። ወንድሜም ፈርቶ ነበር፤ የሚያዋየው ሰው አጥቶ ከእናንተ ጋር ስለ ብርድ ሲያወራ ከረመ። ስለዚህ ያለ ጉባኤው ፈቃድ ሰኞ ጠዋት ልመረመር ወስኛለሁ፤ ይህን ድፍረቴን በቃለ ጉባኤ ባያስመዘግቡብኝ ደስ ይለኛል።

ለሙታን ያለዎት ትጋት ለሕያዋንም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ አረንጓዴውን ድንኳን ለማየት ከማይቸኩለው አባልዎ፣

ሚናስ

ማስታወሻ፦ በቀለሙ ክርክር መሐል እርስዎ ደጋግመው ወደ ጓሮ ሲወጡ አይቻለሁ። ዳኒኤልም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ሰኞ ለእርስዎም ከጎኔ ወረፋ አስይዣለሁ፤ ዶክተሯ ታስረዳዎታለች፣ ውሳኔው የራስዎ ነው። የድንኳን ማስቀመጫውን ቁልፍ ለእድሩ ጸሐፊ ለአቶ ሙኒር ሰጥተው ይምጡ፤ እኔ እርስዎን ለመቅበር አልቸኩልም።