የአልማዝ «እለፍ»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ልንሞት ነበር። የአሮጌዋ የእንግሊዝ መኪናዬ መሪ በቀኝ ነው። ደርቤ ልለፍ ስል መንገዱን የምታይልኝ በግራዬ የምትቀመጠው ባለቤቴ አልማዝ ናት። «እለፍ» ካለችኝ አልፋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ነድተናል። ጣሪያዋን ገልጠን፣ ነፋሱ ፊታችንን እየመታን ከሲኤምሲ ወደ ጎሮ ስንሄድ ሽምግልናዬን እረሳለሁ። ሌላ መኪና ይህን አይሰጠኝም።

ዛሬ ጎሮ ልንደርስ ስንል «እለፍ» አለችኝና ወጣሁ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ ፊት ለፊት መጣብን። እንዴት ወደ መስመሬ እንደተመለስኩ አላውቅም።

«አላየሽውም እንዴ?» አልኳት።

«ፀሐይዋ ዐይኔን ወግታኝ ነው» አለች።

ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች።

ቤት ስንደርስ የቁልፉን ቀዳዳ በጣቷ እየዳበሰች ስትፈልግ አየኋት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልጠይቃት ፈራሁ። ከጠየቅኳት መኪናዋ ትቆማለች። ይህን እሷም ታውቃለች፤ የደበቀችኝም ለዚሁ ይመስለኛል።

አሁን ለነገ የምታስረውን ሻሽ አጥባ አሰጣችው።

«ነገም ጣሪያዋን እንገልጣለን አይደል?» አለችኝ።

«እንገልጣለን» አልኳት።

እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ሳታይ «እለፍ» ብላኝ ይሆን…