በዐረብያ የሄደው ዘፋኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

«የወንድሜን አድራሻ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ የመንገዱን አቧራ ከነጠላዋ ገና ሳታራግፍ። የሺ ትባላለች፤ የዘፋኙ የአስማረ ታላቅ እህት ናት። ከጎንደር በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። የምትፈልገው እዚህ ሱዳን ድንበር ላይ ቤት ያከራዩኝን ሐጂ እድሪስን ነው። ሐጂ ለንግድ ሽንፋ ወርደዋል፤ ረቡዕ ይመለሳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና መስከረም አስማረ መኪናውን ከአዲስ አበባ እየነዳ መጥቶ እዚህ ግቢ አደረ። እንደወጣ ሐጂ በአንድ ሾፌር አፍ ለእህቱ ላኩባት፤ «አስማረ በዐረብያ ሄደ በላት።» ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ዐረብ አገር ነው። ለእናታቸውም ለጎረቤትም ይህንኑ ብላለች።

«እስካሁን ከፔጆው የበለጠ ሳይገዛ አይቀርም» አለች እየሳቀች።

ፔጆውን አውቀዋለሁ። ከአብዮቱ በፊት ታዋቂ ሰዎች ምን መኪና እንደሚነዱና በስንት እንደገዙት የምጽፍባት ጠባብ የጋዜጣ ዓምድ ነበረችኝ። አንባቢው ርዕሰ አንቀጹን ዘሎ እሷን ነበር የሚፈልገው። የኳስ ተጫዋቹ ቮልስ፣ አራት ሺህ፣ ያውም አሮጌ። የተዋናይዋ ፊያት፣ ስድስት ሺህ፤ ግማሹን ባሏ ከፍሎ እንዳይጻፍ ለምኖኝ ነበር። የአስማረ ነጭ ፔጆ፣ ዘጠኝ ሺህ።

ለየሺ ስነግራት ተቆጣች። «አሥር ነው እንጂ! አንዱን ሺህ እኔ ነኝ የጨመርኩለት፣ አምባሬን ሸጬ። እሱን ለምን አልጻፉትም?»

«አልነገረኝማ።»

«አፍሮ ነው» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ኮኪት፣ የሰሊጥ እርሻው ላይ ዋልኩ። ጋዜጣው ለላከኝ የሰሊጥ ዘገባ የያዝኩት፦ አጨዳው ዘግይቷል። ሠራተኛ አንሷል። የወባ ክኒን የለም (ይህን አያወጡትም)።

ቀትር ላይ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ከሩቅ አቧራ ተነሣ። አንድ የጎጃም ሰው ብድግ ብሎ «ዐረብያዋ መጣች፣ ተነሡ!» አለ። የመጣችው የጭነት መኪና ናት።

ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሱዳኖቹ መኪናን እንደዚያ ይሏታል፤ እኛም ለመድነው። ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ ይችን አጣሃት? ምን ዓይነት ጋዜጠኛ ነህ!» ሁሉም ሳቁብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። በዐረብያ ሄደ። በመኪና ሄደ ማለት ነው። ወዴት? የት ድረስ?

ማታ የሺ በር ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች። «ዐረብ አገርም ሙቀቱ እንዲህ ነው?» አለችኝ። «ሳይብስ አይቀርም» አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሐጂ ተመለሱ። የሺን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ቶሎ ብለው ግን «መንገዱ አድክሞሻል እህቴ፤ ዛሬ ዕረፊ፣ ነገ እንጨዋወታለን» አሏት። እኔን ወደ ሱቃቸው ጓሮ ጠርተው ነገሩኝ።

አስማረ ወደ ሱዳን የሸሸው መንግሥት መኪናውን ሊወርስበት ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ነበር። ድንበር ሊያሻግረው የያዘው መንገድ መሪ መኪናውን ትተህ በእግርህ ተሻገር ብሎ መክሮታል። «መኪናዬን ለማትረፍ ወጥቼ እሷን ጥዬ እሄዳለሁ?» ብሎ እምቢ አለ። በሽንፋ በኩል በጫካው መንገድ ገቡ። ወንዙ ሞልቷል። መንገድ መሪው ዘሎ ወረደ፤ አስማረ ነድቶ ገባ። ውኃው ሲጎድል አስከሬኑን ከታች አገኙት። እዚያው ቀበሩት።

«ለምን አላስታወቋትም፣ ሐጂ? እሷ ዐረብ አገር ያለ መስሏታል።»

«መርዶ በሾፌር አፍ ይላካል እንዴ? አንድ ቀን ሰው ይመጣል፣ በወጉ አረዳለሁ ብዬ ነው። ያን መልእክት የላክሁት እኮ በወጣ ለት ነው፤ በደኅና ተነሣ ለማለት። ወላሂ፣ አገር ይመስላታል ብዬ አላሰብኩም።»

ለነገ ቄስ አስጠርተዋል። ዘገባዬን አልጨረስኩም። እንቅልፍም የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ጎሕ ሲቀድ ቄሱ፣ ሐጂ፣ ባለቤታቸው ዘይነብና እኔ የሺ ያደረችበት ክፍል በር ላይ ቆምን። የጎንደር ሰው በዚያ ሰዓት አራት ሰው በሩ ላይ ካየ ለምን መጣችሁ ብሎ አይጠይቅም።

«እናቴ ናት?» አለች።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስማረ ነው፣ እህቴ።»

«አስማረማ ዐረብ አገር ነው።»

«በመኪና ሄደ ነው ያልኩሽ።»

«ዐረብያ ብለዋል!»

«ዐረብያ መኪና ናት። እዚህ መኪና ናት፣ እህቴ።»

ወደ እኔ ዞረች። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘይነብ ባትይዛት ደረጃው ላይ ትወድቅ ነበር። «ዓመት ሙሉ!» ነበር የምትለው። «ዓመት ሙሉ ሳላለቅስልህ! ዓመት ሙሉ ስስቅ!»

ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። ባለሱቆቹ፣ አስተማሪዎቹ፣ የጤና ጣቢያው ሰው መጡ። የሐጂ ቤት ለቅሶ ቤት ሆኖ ዋለ። ስሙን ግን ማንም ጮክ ብሎ አልጠራም። ድንበር ሊሻገር ሲል የሞተ ሰው ነው፤ ያስጠይቃል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ዘይነብ ለየሺ ጥቁር ልብስ ሰጠቻት፤ ለብሳው ሽንፋ ወረድን። መቃብሩ ከግራር ሥር ያለ የድንጋይ ክምር ነው። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ። የሺ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አስተካከለች።

መኪናውን ከወንዙ የጎተተው የትራክተር ነጂ አብሮን ነበር። «ስንት ገዝቷት ነበር?» አለ። ማሾፉ አይደለም፤ መኪና ሲነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

«አሥር ሺህ» አለች የሺ።

ከንፈሩን መጠጠ። «ሞተሯ አልሞተም፣ እናቴ። እዚህ ወፍጮ ያዞራል።»

«ልየው» አለች። ነጩ ፔጆ ጎማ የለውም፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ዶሮዎች ገብተውበታል። መሪውን ዳሰሰች። ማሽላ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች የልብሷን ጥቁረት አይተው ተራቸውን ሊሰጧት ፈለጉ። «የሚፈጭ የለኝም እናቶቼ፣ ልስማው ብዬ ነው» አለቻቸው። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጠዋት በልብሱ ተጨቃጨቅን። የይለፍ ወረቀቷ «ዘመድ ለመጠየቅ» ይላል። ጥቁር ለብሳ ኬላ ከደረሰች ማን ሞተብሽ ማለታቸው አይቀርም። የአስማረ ስም ከተነሣ እሷም እናቷም ይጠየቃሉ፤ ሐጂም አይተርፉም።

«ነጭሽን ልበሺና ጎንደር ስትደርሺ ትቀይሪያለሽ» አሏት ሐጂ።

«ዓመት ሙሉ ነጭ ለብሼበታለሁ፣ ሐጂ። ይበቃል።»

ሐጂ ጓዟን አነሡላት። ጎንደር በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጥናት። እኔም እስከ ኬላው ጭነቱ ላይ ሄድኩ። ወርጄ መንገዱን የዘጋው ገመድ አጠገብ ቆምኩ።

ወታደሩ ልጅ እግር ነው። ወረቀቱን ገለጠ፣ ቀና ብሎ ልብሷን አየ።

«ማን ሞተብሽ፣ እናቴ?»

«ወንድሜ።»

«ምን ነበር ሥራው?»

የሺ መንገዱን አየች።

«ሾፌር» አለች።

«ስንቱ አለቀ በዚህ መንገድ» አለ ወታደሩ። ወረቀቱን መለሰላት። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ገመዱን ለቀቀው።

መኪናው አለፈ። እስከ ጎንደር ድረስ ሌሎች ኬላዎች አሉ። ለሁሉም ያንኑ ትላቸው ይሆናል።