የጠራው ኩሬ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 1 ሰ.
ማስታወሻዬ፣ ከሁለቱ የቆቦ ፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ናሙና እቀዳለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። አንደኛው እንደ ቃሪያ አረንጓዴ። ወደ እርሻው የሚወርደው ሁለተኛው ግን ቡኒ። ቅዳሜ እንዲህ አልነበረም።
ጥበቃው ጋሽ ሰይድ እንቁራሪቶቹ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብለዋል አለኝ። ሳቅኩበት። ከዚያ አዳመጥኩ። ከአስፋልቱ የመኪና ድምፅ ብቻ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። 5 ሰ.
ማይክሮስኮፕ። ለውሃው አረንጓዴ ቀለምና አየር የሚሰጡት አልጌዎች ላይ ጥቃቅን ከረጢቶች ተለጥፈዋል። ፈንገስ ነው። ሥሩን ሰዶ ይመጥጣቸዋል። የተመጠጡት ባዶ ቅርፊት፤ ብርሃን ያልፍባቸዋል።
አንዱ ከረጢት እያየሁት ፈነዳ። ባለጭራ ዘሮች ወጡ። ይዋኛሉ፣ ይዋኛሉ፣ ድንገት ቆም። የሚያሸቱ ይመስላሉ። ከዚያ ጤነኛዋ አልጌ ላይ ልጥፍ።
ቀና አልኩ። ሌላ ጠብታ አስቀመጥኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 7
ሁለተኛው ኩሬ ጠራ! ወለሉ ድረስ ይታያል። አንድ የልጅ ጫማ፣ ሶሉ ወደ ላይ። አንዲት ወፍ እንኳ አታርፍበትም። ሽታው የገማ እንቁላል።
ከታች ሽንኩርት የምታለማው እትዬ ዘምዘም ጀሪካን ይዛ መጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠራልሽ እኮ!» ለፍየሎቿ ልትቀዳ። ከለከልኳት። ፈንገሱ ሰው እንደማይነካ፣ አልጌው ሲያልቅ ግን ፍሳሹ ሳይጣራ እንደሚወርድ ነገርኳት።
«አንቺ በመነፅር ያየሽው ነው ወይስ እኔ ባይኔ ያየሁት?» አለች።
ለማጣሪያው ኃላፊ ደወልኩ። እሱም ተደሰተ። ፎቶ ላኪ፣ ሰው አታስደንግጪ አለ። ውሃውን ወደ እርሻው የሚለቀው በር እንዳይዘጋም አዘዘ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ጠዋት 3 ሰ.
ዘጋሁት። ጋሽ ሰይድ የበሩን መዘውር አብሮኝ አዞረ። ከአንደኛው ኩሬ አረንጓዴ ውሃ ወደ ሁለተኛው በፓምፕ እየገለበጥን ነው፣ ምናልባት አልጌው ዳግም ቢይዝ። ፈንገሱ እሱንም ይበላው እንደሆን አላውቅም።

6 ሰ.
እትዬ ዘምዘም ቦዩ ደርቆባት መጣች። ሽንኩርቱ ገና ራስ እየቋጠረ ነው። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እስከ መቼ ነው ብቻ አለች። አላውቅም አልኳት። ሁልጊዜ አብሽሪ፣ አይዞሽ የምትለኝ ሴትዮ ዛሬ አላለችም። ማዶ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።
ስልኬ ይጮኻል። ኃላፊው ነው። አላነሳም። ማንም በሩን እንዳይከፍት የመዘውሩን እጀታ ነቅዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ውሃው አረንጓዴ እስኪሆን ከዚህ አልነሳም።