የላክኸው የአረር ማውጫ

ወንድሜ፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ሰላምታ ሳላስቀድም እንዲህ ብዬ መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ ልቤ ይራራና ሳልናገር እቀራለሁ። አሁን ተናግሬዋለሁ፣ ሰላምታው ይከተል። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ሚስትህ እንዴት ናት፣ ያ ሳሏ ለቀቃት? ልጆቹስ? ትልቋ አሁንም እንዳንተ ጥፍሯን ትበላለች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ድሮ ጎረቤቴ ስትጽፍልኝ ቁጣዬን ሁሉ እየዘለለች ናፍቆቴን ብቻ ትልክልህ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና የእጅ ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ ታገሠኝ፤ የሚዘለል ነገር ግን የለም።

የምጽፍልህ ስለ ባሌ ነው። ጡረታ በወጣ ሰሞን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መስኮት እያለ ሲያስጨንቀኝ አንተ አዘንክለትና ያን የብረት ቅርጽ ማውጫ በመንገደኛ ላክህለት። ከአጎቱ የወረሰው የጥንት የወታደር ጠመንጃ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ እንግዲያው አረሩን እቤቱ እርሳስ እያቀለጠ ያውጣ፣ እንደ እሱ አሮጌ ጠመንጃ ከሚወዱት ሰዎች ጋር ተኩስ ሜዳ ሄዶ ይጫወት አልክ። እኔ ስሰጋ በስልክ የሳቅኸውን አልረሳሁም። አንቺ ሹራብ ትሠሪያለሽ፣ እሱ አረር ይሠራል፣ ሁለቱም እጅ ማፍታቻ ነው፣ ምን ልዩነት አለው አልከኝ። ልዩነቱን አሁን ልንገርህ።

የሰፈራችን ጎሚስታ ለሚዛን ተብሎ የመኪና ጎማ ላይ የሚለጠፈውን እርሳስ እየነቀለ በጆንያ አመጣለት። ባሌ ይህን ወጥ ቤቴ ውስጥ በድስት ያቀልጠዋል፤ ድስቱም ጭልፋውም የኔ ነበሩ። እንዲጠራለት ሰም ጣል ያደርግበታል፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ይገፍፋል፣ ቤቱ በጢስ ይሞላል። ከዚያ በጭልፋ እየቀዳ በማውጫው ቀዳዳ ያፈሰዋል። እዚህ ላይ እጅ መርጋት አለበት። ሳይቋረጥ ከፈሰሰ አረሩ እንደ ብርጭቆ ልስልስ ብሎ ይወጣል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ግን ፊቱ ይጨማደዳል። የተጨማደደ አረር ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ተመልሶ ወደ ድስቱ ይገባል።

መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ቀጥሎ እጁ ከአንጓው ላይ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ አባባ፣ እርሳሱ ደምዎ ውስጥ ገብቷል፣ ካላቆሙ እጅዎም ኩላሊትዎም አእምሮዎም ይሄዳል አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? ልጄ፣ እርሳስ የሚገድለው ሲተኮስ ነው አላት። ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና ወደ እኔ ዞረች። እኔን ምን አድርጊ ብላ ነው?

እንግዲህ አስበው። እርሳሱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ የተጨማደደ አረር ያወጣል፣ የተጨማደደው ተመልሶ ይቀልጣል፣ ጢሱም ተመልሶ እሱ ውስጥ ይገባል። ያው አንድ ጆንያ እርሳስ ነው ሲዞር የሚውለው። ዛሬ እጄ ትንሽ ከብዶኛል፣ ነገ ይፈታል ይለኛል፤ ሁልጊዜ ነገ።

ዓይኑ ቅርብ ስለማያይ ልስልሱን ከተጨማደደው የምለይለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን መላ ያገኘሁ መሰለኝ። የተጨማደደውንም ጨምሬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ እንደ ድሮው ሆኖልሃል አልኩት። ደስ ብሎት ምድጃውን አጠፋ። ለጥቂት ቀን ቤቴ ቤት ሆነ፤ መስኮት ከፍቼ ግድግዳውን አጠብኩ። እሱ ግን በድሮ ቀለህ ባሩድ ሞልቶ፣ አረሩን ገጥሞበት ተኩስ ሜዳ ሄደ። አንዱም ዒላማውን አልነካም፣ እርሳሱም አፈሙዙ ውስጥ ተለጥፎ ቀረ። ከተኩስ ጓደኞቹ አንዱ፣ ቀልደኛ ጡረተኛ ሾፌር ነው፣ ሽማግሌው፣ ጠጠር ብትወረውር ይሻልህ ነበር፣ ጠጠር እንኳ ወደ ፊት ይሄዳል ብሎ ሰው አሳቀበት። ቤት ሲገባ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! ለካ ያንቺም ዓይን ደክሟል ብሎ አዘነልኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መለየቱንም ራሱ ያዘው። ዓይኑ አያይ፣ ጣቱ ደንዝዟል፤ እያንዳንዱን አረር በከንፈሩ እየዳሰሰ ነው የሚለየው። ይህ ሁሉ በእኔ መላ የመጣ ነው።

ድስቱን ደበቅኩበት፣ በቀለም ቆርቆሮ አቀለጠ። ጎሚስታውን ሄጄ ለመንኩት፤ እሺ እማማ፣ ከእንግዲህ አልሰጠውም አለኝ፣ አክባሪ ልጅ ነው። ግን ያንኑ እርሳስ እያዞረ ለሚያቀልጥ ሰው የጎሚስታው እሺታ ምን ይሠራል? በመጨረሻ አንተን ለመንኩህ። ካንተ በቀር የሚሰማው የለም፣ ተው በለው አልኩህ። ደወልክለት። የስልኩ ድምፅ ከፍ ስለሚል ያልከውን ሰምቻለሁ። ጎበዝ፣ እንዳትሰለች፣ ለእኔም አንዷን ለመታሰቢያ አስቀምጥልኝ አልከው። ይኸው አሁን ያንተን አረር በማውጣት ላይ ነው። የተጨማደደ አልልክለትም፣ ያፍርብኛል ይላል። በከዳው እጅ ልስልስ አረር እንደማይወጣ እኔ አውቃለሁ፣ ሐኪሟ ታውቃለች። አንተም ይኸው አወቅህ።

ለሚስትህ ሰላም በልልኝ፣ ሳሏን ችላ አትበል። ትልቋን ልጅህን ሰላም በልልኝ፣ ጥፍሯን ትተው። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ለአማትህ ሰላምታዬን ጆሯቸው ሥር ጮህ ብለህ ንገርልኝ። ባሌም ሰላም ብሎሃል፤ አረርህ ልትደርስ ነው ብሏል።

ትናንት ከንፈርህን ላጥብልህ ስለው እንደ ሕፃን አፉን ሰጠኝ። በሳሙና አጥቤ፣ አደራርቄ፣ ፎጣውን ሰቅዬ ስመለስ ምድጃው ፊት ቆሟል። እኔም ሳሙናውን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። አጥበዋለሁ፣ እንግዲህ እስከ መጨረሻው አጥበዋለሁ። ተው ግን ሁለተኛ አልለውም።

ታላቅ እህትህ
ከቤታችን፣ ሰኔ 9 ቀን