«የታመነ ሰው» ተብሎ ስለተተወው ክፍት ቦታ

ለክቡር ኢንጂነር ሐዚም ዘህራን
የጡረተኞች የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ያለ ዕረፍት ለሚያገለግለው የአየር ማቀዝቀዣ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከፖርት ሰዒድ የምጽፍልዎ፣ የሥራ ዘመኔን በይግባኝ ሰሚ ችሎት ወንበር ላይ ጨርሼ ዛሬ መርከቦች ከሚያልፉበት ቦይ ዳር ባለ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ብቻዬን የምኖር ዳኛ ዋጊህ ሲድቂ ነኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ የማወጣው ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በማዕከሉ በር፣ በስልኩና በኢሜይሉ እርስዎን ለማግኘት ሞክሬ ስላልሆነልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያነባሉ ብዬ ተስፋ በማድረግ ነው።

ማዕከልዎ በበጋው መጨረሻ ባወጣው መመሪያ፣ እያንዳንዱ ጡረተኛ የጡረታ ሒሳቡን የሚከፍትበት የይለፍ ቃል ረጅምና ትርጉም የለሽ እንዲሆን፣ በወረቀት እንዳይጻፍ፣ ለማንም እንዳይነገር፣ በየጊዜውም እንዲለወጥ አዟል። ይህን ሁሉ ማስታወስ ለማይችል ደካማ ደግሞ፣ የይለፍ ቃሎችን ቆልፎ የሚያስቀምጥለት ካዝና በስልኩ ላይ እንዲጭን፣ ማዕከሉ ከፈቀዳቸው ሁለት ካዝናዎች አንዱን መርጦ እስኪያስመዘግብ ድረስም ሒሳቡ ተዘግቶ እንዲቆይ ወስኗል። ለዚህ አባታዊ አሳቢነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሆኖም የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «ለማንም እንዳይነገር» የሚለውን ትእዛዝ በተመለከተ። ክቡርነትዎ ካዝና ከማዘዝዎ በፊት እኔ የራሴ ካዝና ነበረኝ፤ እርሱም በጀልባው መሻገሪያ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ያለች አንዲት የዶሚኖ ጠረጴዛ ነበረች። በዙሪያዋ ፋርማሲስቱ ሪፍዓት፣ ለመርከቦች ስንቅ ያቀርብ የነበረው ታድሮስና እኔ እንቀመጥ ነበር። ሦስታችንም የየራሳችንን የይለፍ ቃል መርሳት ስለ ጀመርን፣ አንዳችን የሌላችንን እንድንይዝ ተስማማን፤ እኔ የሪፍዓትን፣ ሪፍዓት የታድሮስን፣ ታድሮስ ደግሞ የእኔን። ሰው የራሱን ቢረሳ እንኳ አደራ የተሰጠውን እንደማይረሳ ያን ጊዜ ተረዳሁ። የጡረታ ገንዘባችን ሒሳብ ውስጥ በሚገባበት ዕለት ሪፍዓት ስልኩን አውጥቶ «በል እንጂ ክቡር ዳኛ፣ ቃሌን ወዲህ በል፤ ደግሞ እንዳለፈው ጊዜ አሳላፊው እስኪሰማ አትጩኽ» ይለኛል፤ ታድሮስም ጠጠሩን እያንኳኳ «ይስማ፣ ምን ቸገረህ፤ ያንተን ጡረታ የሰረቀ ሌባ አዝኖልህ ጨማምሮ ይመልሰዋል» ይል ነበር።

ሪፍዓት ሲሞት ቃሉን ለባለቤቱ ለሱሄር የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እርሷ ስልኩን ይዛ ስታለቅስ እኔ አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም። ባለፈው የብርድ ወራት ታድሮስ ሲያርፍ ግን የእኔ ቃል አብሮት ወረደ። ባለሙያዎችዎ በአሠራራችን ላይ ጉድለት ቢያገኙ አልከራከርም፤ እኛ የፈራነው ሌባን ነበር፤ ሞትን ማሰብ ዘንግተናል። ዛሬም የሪፍዓትን ቃል፣ ምንም የማይከፍት ቢሆንም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በመመሪያዎ መሠረት ከራሴ ውስጥ እንዴት እንደምሰርዘው የሚያስረዳኝ ባለሙያ ቢመድቡልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፤ ቃሌ ስለ ጠፋ ወደ ማዕከልዎ አዳራሽ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ማንነቴን ለማረጋገጥ የእናቴን ስም ጠየቀኝ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የእናቱን ስም አደባባይ ላይ እንደማይጠራ፣ ለዚህም ሲባል በትምህርት ቤት ግቢ ስንት ሸሚዝ እንደተቀደደ ክቡርነትዎ አያጡትም፤ እኔና ታድሮስ የባንክ ምስጢራችንን ስንለዋወጥ እንኳ የእናቶቻችንን ስም አልተለዋወጥንም። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ። ወጣቱም «አልሰማሁም ሐጂ፣ መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ጮክ ይበሉ» አለኝ። ጮክ አልኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ ዞር አላለም። በልጅነቴ ይህ ስም ቢሰማ መንደሩ ሙሉ ይስቅብኝ ነበር፤ በዚህ ከተማ የሚስቅብኝ ሰው እንዳልቀረ ማዕከልዎ በአንድ ጥያቄ ብቻ ስላረጋገጠልኝ፣ ስለ ተቀላጠፈው አገልግሎት አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ የካዝናው ምርጫ ነው። በስልክ መስመርዎ ላይ የምትሠራው ወይዘሪት ሂባ የሁለቱን ልዩነት በትዕግሥት አስረድታኛለች። የመጀመሪያው ካዝና እጅግ የጠነከረ ነው፤ የሚከፈተው በአንድ ዋና ቃል ብቻ ሲሆን፣ ያ ቃል ከተረሳ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሊከፍቱት አይችሉም። ሁለተኛው ለአጠቃቀም የቀለለ፣ በዚያው ልክ የላላ ነው፤ በየሐሙሱ «ደህና ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ደግሞ ባለቤቱ አስቀድሞ ለሰየመው አንድ የታመነ ሰው መልእክት ልኮ ቁልፉን ያስረክባል። «እንደ አባቴ ስለማይዎ ነው፣ ጠንካራውን ይውሰዱ» አለችኝ፤ «በሁለተኛው ቁልፉ ሰው እጅ ይገባል፤ ሰው ደግሞ ያው ሰው ነው።» እኔም የመጀመሪያው ምንም አይጠይቅም ወይ ብላት፣ «ምንም! አንዴ ከጫኑት በኋላ ማንም አያስቸግርዎትም» አለች፣ እንደምታበሥረኝ ሁሉ።

ክቡርነትዎ፣ ማስረጃ ሲመዝን የኖረ ሰው ነኝና ሚዛኑ ወደ ጠንካራው ማጋደሉ አይጠፋኝም። ይሁን እንጂ ባለቤቴ ነግዋ ካረፈች ወዲህ፣ ልጅም ስላልወለድን፣ ማንም የማያስቸግረው ሰው መሆንን ያለ ካዝናም በሚገባ ተክኜበታለሁ። በዚህ ዓመት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ መምህር መሞታቸው የታወቀው፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አንኳክቶ የሚከፍትለት ሲያጣ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ የሚናገር አልተገኘም፤ በራቸው ግን፣ ለደኅንነት ለሚቆረቆሩ ሁሉ ደስ እንዲላቸው፣ ከውስጥ በሚገባ ተቆልፎ ነበር። ስለሆነም በየሐሙሱ የሚጠይቀኝን ደካማውን ካዝና መረጥኩ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካዝናው «የታመነ ሰው» የሚል ክፍት ቦታ አለው፤ ሳይሞሉት ወደፊት አያሳልፍም። በስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። አብዛኞቹ አርፈዋል፤ ስማቸውን መሰረዝ ከብዶኝ ነው የተውኩት። ሱሄርን ልጇ ወደ አስዋን ወስዷታል፤ ስደውል ማን እንደሆንኩ አትለይም። ከቀሩት መካከል የጥርስ ሐኪሜ፣ ቧንቧ ሠሪው እና የእርስዎ ማዕከል ይገኛሉ። ቧንቧ ሠሪውን ደፍሬ ጠይቄው ነበር፤ «ጣጣ አለበት እንዴ፣ ጋሼ? ፊርማ ካለበትማ ሚስቴ አትለቀኝም» ብሎ በጨዋነት አመለጠኝ።

ስለ እኔ መጨነቁን በየደብዳቤው የሚገልጽልኝ አንድ ሰው መኖሩ ትዝ ያለኝ ይህን ጊዜ ነው። ክቡርነትዎ በመመሪያው መጨረሻ ላይ «የእርስዎ ደኅንነት የዘወትር ሐሳባችን ነው» በሚለው ቃል ሥር በገዛ እጅዎ ፈርመዋል። ፊርማን አክብሬ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህንኑ መሠረት በማድረግ የክቡርነትዎን ሙሉ ስምና የቢሮዎን አድራሻ በክፍት ቦታው ላይ አስገብቻለሁ።

ከእንግዲህ ካዝናው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ አንድ ሐሙስ ዝም ካልኩ ግን መልእክቱ ለእርስዎ ይደርሳል። ከሒሳቤ የሚገኘው ከቀብር ወጪ ብዙም የሚተርፍ አይደለም፤ የምለምንዎ ወደ ሒሳቡ ከመሄድዎ በፊት አንድ ሰው ልከው በሬን እንዲያንኳኳልኝ ብቻ ነው።

ከመመሪያዎ ግማሹን ያከበርኩ፣ ለቀሪው ግማሽ ይቅርታዎን የምጠይቅ፣ የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ ከማንም በላይ የምመኝ፣ በተለይም ከእኔ ዕድሜ የረዘመ እንዲሆን፣

ዳኛ ዋጊህ ሲድቂ
ፖርት ሰዒድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ካዝናው የታመነው ሰው ኃላፊነቱን መቀበሉን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ከቢሮዎ «ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ለዚህ መልእክት ምላሽ አይስጡ» የሚል መልስ ወዲያውኑ ስለ ደረሰኝ፣ የሰው ዓይን ያላየው ቢሆንም፣ ፈቃድዎን እንዳገኘሁ ቆጥሬዋለሁ። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮዎ ዝግ መሆኑን አውቃለሁና፣ በተቻለኝ መጠን በሥራ ቀን ለመሞት እጥራለሁ።