ቁርጣችንን ስለነገርሽን

እቴ አዝመራ፣

ከተለየሽን ይኸው ክረምት ገባ። የቀበርንሽ ከፋሲካ በኋላ፣ መሬቱ ደርቆ ዶማ አልቀበል ባለበት ሰሞን ነበር፤ አሁን መቃብርሽ ላይ ሣር በቅሏል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰች ቁጥር «እንዴት እንዳማረባት ብታይ» ትለኛለች፣ አዲስ ቀሚስ የገዛሽ ይመስል። እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሻለሁ። አምበር ከተማ ላይ ተከራይተሽ ትሠሪበት የነበረውን ክፍል ባለቤቱ ለፀጉር አስተካካይ ሰጠው። ሰሌዳሽን ግን ነቅዬ ወደ ቤት አመጣሁት፤ እማዬ የዶሮ ቤት በር ላድርገው ስትል አልፈቀድኩም።

ያ ሰሌዳ! ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አያያዝ ተምረሽ ስትመለሺ፣ ለሰው ሁሉ ገንዘቡን በምን ላይ ቢያውል እንደሚሻለው ልታማክሪ «የገንዘብ ምክር በቁርጥ ዋጋ» ብሎ እንዲጽፍ ነበር ቀለም ቀቢውን ያዘዝሽው። እሱ «የገንዘብ ምክር» የሚለውን ከታች በጭንቅ እንዲነበብ አድርጎ፣ «ቁርጥ» የምትለዋን በቀይ ቀለም አግዝፎ ጻፋት። ሥራውን በጀመርሽበት ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰው ሥጋ ፍለጋ ይገባልሽ ጀመር። ጎረቤታችን አያ ሞላ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና «ልጄ፣ ከዳቢቱ ግማሽ ኪሎ አድርጊልኝ» አሉሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳቄን አፍኜ ልሞት ደርሼ ነበር። አንቺ ፈገግ እንኳ ሳትዪ «ሥጋ የለም አያ ሞላ፤ ቁርጥዎን ግን እነግርዎታለሁ» አልሻቸው።

ተነሥተው መሄድ ሲችሉ ቁርጣቸውን ሊሰሙ ተቀመጡ። ለእናታቸው ተዝካር በሬ ሊሸጡ አስበው ኖሯል። ስለ ተዝካሩ አንድም ክፉ ቃል አልወጣሽም። «ድግሱ ካለፈ በኋላ በሰኔ በምን ያርሳሉ?» ብቻ አልሽ።

«ከወንድሜ በሬ ጋር እቀናጃለሁ።»

«ወንድምዎ የራሱን አርሶ እስኪጨርስ ዝናቡ ይጠብቅዎታል?»

ተቆጡ። «የሞላ እናት ያለ ፍሪዳ ቀረች አስብይኝ እንግዲህ!» ብለው ዱላቸውን አነሡ። ግን ዋጋሽን ከፍለው ነው የወጡት። በሬውም አልተሸጠም።

የጎረቤት ልጅ ሆና ለምክር ታስከፍላለች እያሉ ያሙሽ ነበር። አንቺ ደግሞ «በነጻ የሚገኝ ምክርማ ለቅሶ ቤት ሞልቷል፤ ማን ሰምቶት ያውቃል?» ትዪ ነበር። ምክር ከጠየቀሽ ሰው በቀር ግን ከማንም ምንም አትቀበዪም። የቆርቆሮ ነጋዴው፣ ቤት የሚሠራውን ሁሉ ወደ እሱ እንድትልኪለት፣ ለበዓል ሙክት ላከልሽ። እማዬ «የመጣ ስጦታ ይመለሳል? ምን ያለ ነውር ነው!» ብላ አኮረፈችን። «ሙክቱን ከበላሁ አፌ የእሱ ነው። ነገ ሰው ስለ ቆርቆሮ ሲጠይቀኝ በነጋዴው አፍ ልመልስለት?» አልሻት። አንቺ ከፊት እየጎተትሽ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ስንመልሰው፣ ገበያው መሀል ሲደርስ እንቢ ብሎ ተኛ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ገበያውን አንድ ዙር አዞረው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አርባሽ ሲቃረብ አባዬ ዳልቻውን በሬ ሊሸጥ ተነሣ። ያሉን ሁለት በሬዎች ብቻ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። «ልጄ አገር የመከረች ናት፤ አገር ይብላላት» አለ። እኔ አይሸጥ ብል ለእህቱ ሰሰተ እባላለሁ። ዝም ብል ደግሞ ለሰው ሁሉ ስትናገሪ የኖርሽውን በራስሽ ድግስ ልናፈርሰው ነው።

ከገበያው ቀን በፊት አያ ሞላ መጡ። አባዬ አጠገብ ቁጭ ብለው «ወንድሜ፣ በሰኔ በምን ታርሳለህ?» አሉት።

አባዬ ቀና ብሎ አያቸው። «ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«ከልጅህ ነዋ። እኔ ከፍዬበታለሁ፤ ለአንተ በነጻ ነው።»

አባዬ ከኪሱ የተጨማደደች ብር አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አኖረ። «በነጻ የተሰጠ አይሰማም ትል ነበር። እንድሰማህ ተቀበለኝ» አለ። አያ ሞላ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እማዬ ከሞትሽ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

አርባሽ በጸሎተ ፍትሐት፣ በዳቦና በጠላ ዋለ። ያማን አልጠፋም፤ አልዋሽሽም። ግን ሰው እንዴት እንደ መጣልሽ! ከአብነት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ጀምሮ ደጃችን ሞልቶ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ከወንዝ ማዶ የመጣች አንዲት እናት «የልጄን ሠርግ አሳንሳ ቤቷን ያቆመችላት» እያለች ስታለቅስልሽ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። እዚያ መሀል «እኔ ወንድሟ ነኝ» ብዬ መጮህ አማረኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፣ እቴ።

ትናንት ወደ ላይኛው ማሳ ለአባዬ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ዳልቻውና ጓደኛው ተጠምደው፣ ጥቁሩ አፈር ከኋላቸው እየተገለበጠ ነበር። ወደ አምበር የሚሄድ መንገደኛ ቆም ብሎ «ምን ያሉ በሬዎች ናቸው! የማን ናቸው?» ሲል ጠየቀ። አባዬ እርፉን ሳይለቅ «የአዝመራ ናቸው» አለው። ሰውየው የዘንድሮውን እህል ያለው መስሎት «እግዜር ያሳምርልህ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ አየኝና በሬዎቹን ነዳ።

እኔም ማንም ይጠይቀኝ፣ እንደዚያው እመልሳለሁ።

ወንድምሽ ጌትነት