ከላይ ሳይጎድል ከታች የሞላው ውሃ

ጥቅምት 11 ቀን 2004
ማጣሪያውን አመጣሁት። ከመናኸሪያ ቤት ድረስ በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ ታቅፌ። ሁለት የተደራረበ ድስት ነው የሚመስለው። ከላይ ውሃ ትጨምራለህ፤ ውስጡ ባሉት ነጭ ሻማ መሳዮች እየሾለከ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል፤ ከዚያ በቧንቧው ትቀዳለህ። በቃ።

እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችው። "አገር ምድሩ የአምቦን ውሃ በጠርሙስ እየገዛ ይጠጣል፤ የኔ ልጅ አምቦ ተቀምጦ ያጣራል!"

ያ የጠርሙሱ ነው፣ የኛ የጓሮ ቧንቧ ነው ብላት ትሰማለች? ዓምና ሮዳስን ታይፎይድ ጥሏት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳትፈተን ቀረች። ጓደኞቿ ዘጠነኛ ገቡ፤ ልጄ ስምንተኛን ትደግማለች። ዘንድሮ ይሄ አይደገምም። አይደገምም ብያለሁ!

ጥቅምት 14
ይንጠባጠባል... ይንጠባጠባል... ጎረቤቴ ዳዲ ውሃ ጠምቶት ገባ። ብርጭቆው ግማሽ ሳይደርስ ቧንቧው ደረቀ። "ኦቦ ይገዙ፣ ቢሻን ብጠይቅህ የዓይን ጠብታ ትሰጠኛለህ?" ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩት። "እሱ እስኪሄድ እኔ በጥም ልሞት ነው" አለ።

እማዬ በሀፍረት መሬት መሬት አየች። ያደገችው ጊንጪ፣ መንገድ ዳር ነው። ከአውቶቡስ ወርዶ ደጃፋቸው ለቆመ ሁሉ ውሃ ይሰጥ ነበር። በእሷ ቤት እንግዳ ውሃ ሲጠብቅ?

ኅዳር 19
ሮዳስ ሆዷን አመማት። አሜባ ነው ተባለ። ባለቤቴ ልዩ ከጌዶ ደወለች። ነርስ ያገባ ሰው ሚስቱ ሌላ ከተማ ብትሠራም ከምርመራ አያመልጥም።
"ማጣሪያውን በትክክል ነው የምትጠቀሙት?"
"በትክክል ነዋ!"
ትምህርት ቤት ጠጥታ ይሆናል...

ጥር 24
ደግሞ ሆዷን። ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረች። ዳዲ "ይሄ ዕቃህ ውሃውን ነው ጀርሙን የሚያጣራው?" አለ። አልሳቅሁም። ፈራሁ። ሰኔ ላይ በፈተናውም እንዲህ ብትሆንስ?

የካቲት 9
ያዝኩት!

ጠዋት የላዩን እስከ አፉ ሞላሁ። የታቹ ባዶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምሳ ስመለስ የታቹ ሙሉ! የላዩን ከፈትኩ፤ ብዙም አልጎደለም። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ከአንዱ ቢሮ ሳይወጣ ሌላው ጋ የደረሰ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም።

"እማዬ፣ ይሄን ማን ሞላው?"
"እኔ ነኛ። የጊንጪ ዘመዶች መጥተው ነበር። ሲንጠባጠብ ቁጭ ብለው ይዩ? ከጀሪካኑ ወደ ታችኛው ገልበጥ አድርጌ ረዳሁት።"
"ረዳሁት?"
"ታዲያስ! እንግዳ በመጣ ቁጥር እረዳዋለሁ።"

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። የቱ እንደቀደመ እንጃ። "እማዬ፣ የታቹ እኮ የተጣራው ነው! ያልተጣራ ስትጨምሪበት የልጅቷ ሆድ..." አልጨረስኩትም። ፊቷን አየሁት።

"እኔ ነኝ ያሳመምኳት?" አለች፣ በቀስታ።

አላወቅሽም አልኳት። ምሳ ሳትበላ ዋለች። ያገኘሁት እኔ ነኝ እኮ... ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

የካቲት 10
ስነሳ እማዬ ማጣሪያውን ፈታታ የታቹን በፈላ ውሃ ታጥባለች።
"እነዚህን ነጮቹን በምን ልፈግፍግ?"
"በለስላሳ ብሩሽ። ሳሙና እንዳታስነኪ።"
ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነካውም አለች። ማንም ማለት እኔንም ነው። ገዝቼ ያመጣሁትን ሰውዬ!

ሚያዝያ 16
ሁለት ወር አለፈ፤ ሮዳስ አንድም ቀን ከትምህርት አልቀረችም። እማዬ ጠዋት ጠዋት ኮዳዋን ትሞላላታለች። "ከሌላ ብትጠጪ ወየውልሽ!" ልጅቷ ጉንጯ ሞልቷል።

ሰኔ 11
ፈተና ገባች። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ኮዳዋ ትከሻዋ ላይ፣ ዓይኗ ጥርት ያለ። ዓምና ይሄኔ ግሉኮስ ተተክሎላት ነበር። ቢሮ ሄጄ ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ሐምሌ 28
አለፈች! ልጄ አለፈች! ከክፍሏ ሦስተኛ ሆና! ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤት በዝናብ ሮጥኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያየ ይይ! ልዩ ከጌዶ መጥታ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ገና ፊቴን ስታይ እልል አለች።

ቤቱ ሞላ። የጊንጪ ዘመዶች፣ የሮዳስ ጓደኞች፣ ጎረቤቱ ሁሉ። የተጣራው ውሃ ወዲያው አለቀ።

ዳዲ ብርጭቆውን ወደ እማዬ ዘረጋ። "አዴ ወለተ ማርያም፣ እስቲ ቢሻን ይስጡኝ።"

ጀሪካኑ እግሯ ሥር ነበር፣ ሙሉ። እኔም አየሁት፣ እሷም አየችው። ዘመዶቿ ሁሉ ያዩዋታል።

እማዬ የላዩን ክዳን ከፈተች፣ ጀሪካኑን አንስታ እዚያ ገለበጠች፣ ከደነች። በርጩማዋን ስባ ማጣሪያው ፊት ተቀመጠች።

"ጠብቅ ልጄ" አለችው። "ገና ይንጠባጠባል።"

ዳዲ ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን።